ዓይን የሚያስለቅሰው አየር ይጠገናል፦ ስለ ጎንደር የአናቶሚ ክፍሎች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በጎንደር ከተማ የጤና ትምህርት ለሚሰጡ ተቋማት አመራሮች፣ ለግዥና ለጥገና ክፍል ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የአናቶሚ ላቦራቶሪ አየር፣ ውኃ፣ የማቆያ ፈሳሽና የአስከሬን አያያዝ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በየዓመቱ አዲስ ተማሪ የሰው ገላ አወቃቀር (አናቶሚ) ሊማር አስከሬን ክፍል ሲገባ ዓይኑ ያነባል፣ ጉሮሮውን ይከረክረዋል። ነባሮቹ «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» ይሉታል። ክፋቱ እውነታቸውን መሆኑ ነው። አፍንጫ ከአስከሬን ማቆያው ፈሳሽ የሚወጣውን ጋዝ፣ የፎርማልዲሃይድን ሽታ በደቂቃዎች ውስጥ ይለምዳል፤ ጋዙ ግን ከክፍሉ አልወጣም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ጋዝ በሰው ላይ ካንሰር ማስከተሉ ከተረጋገጠው ምድብ 1 ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ አየር መመሪያ በማንኛውም 30 ደቂቃ ውስጥ ከ0.1 ሚሊ ግራም በኪዩቢክ ሜትር እንዳያልፍ ይላል፤ ይህ 0.08 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አየር የጋዙ ድርሻ) ገደማ ነው። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ሕግ ላላ ያለ ነው፤ በ8 ሰዓት አማካይ 0.75፣ በ15 ደቂቃ 2 ፒፒኤም ይፈቅዳል። የብዙ ሰው ዓይን መቆጥቆጥ የሚጀምረው ከ0.3 እስከ 1 ፒፒኤም ባለው መካከል ስለሆነ፣ ክፍሉ ሙሉ ተማሪ የሚያለቅስ ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን መጣሱን ለማወቅ መለኪያ መሣሪያ እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው የአናቶሚ ክፍል እንባ እንደ ወግ መታየቱ እንዲያበቃ ነው። እንባው ብልሽት ነው፤ ምክንያቱ ይታወቃል፣ አብዛኛውም በትንሽ ገንዘብ ይጠገናል። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥና ለአገር የላከች ከተማ ናት። ገጠሩን ጉድጓድህን ክደን፣ ውኃህን አክም ስትል የኖረች ከተማ ከአስከሬን ገበታዋ ስር ያለውን ባልዲ መክደን አያቅታትም።

ከባልዲው በፊት ግን የፈሳሹን አቀማመም እንይ፤ ብዙው ጥፋት የሚጀምረው እዚያ ነው። በጀሪካን የሚገዛው ፎርማሊን ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ያለው ውኃ ሲሆን፣ እንዳይረጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሜታኖል ይጨመርበታል። «10 በመቶ ፎርማሊን» ማለት አንድ እጅ የጀሪካኑ ፈሳሽ በዘጠኝ እጅ ውኃ ማለት ነው፤ በውስጡ ያለው ፎርማልዲሃይድ 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስሙን «10 በመቶ ፎርማልዲሃይድ» ብሎ ያነበበ ሰው ለ20 ሊትር 2 ሊትር መጨመር ሲገባው 5.4 ሊትር ይጨምራል። ውጤቱ ሁለት ሦስት እጥፍ ጋዝና እንደ ጫማ ሶል የደረቀ ጡንቻ ነው። ስለዚህ በማዘጋጃው ግድግዳ ላይ መቶኛ ሳይሆን ሊትር ይጻፍ። ከብዙዎቹ ቀመሮች አንዱ ለ20 ሊትር እንዲህ ነው፦ ፎርማሊን 2 ሊትር፣ ፌኖል 1 ኪሎ፣ ግሊሰሪን 2 ሊትር፣ ኢታኖል 8 ሊትር፣ ቀሪው ውኃ። ፌኖል በ41 ዲግሪ የሚቀልጥ ክሪስታል ስለሆነ በጎንደር አየር እንደ ጨው ጠጣር ነው፤ አስቀድሞ በኢታኖሉ ውስጥ ይሟሟል፣ ከዚያ ግሊሰሪኑ፣ ከዚያ ውኃው፣ የፎርማሊኑ ክዳን የሚከፈተው በመጨረሻ ነው። ቅመማው የጋዝ መምጠጫ ሳጥን ውስጥ፣ እሱ ከሌለ ደጅ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ ይሠራል። ይህን ያህል አልኮል ያለው ፈሳሽ እሳት ይይዛልና በአካባቢው ምድጃም ሲጋራም አይኖርም።

ስለ ፌኖል አንድ ማሳሰቢያ። ቆዳ ላይ ሲፈስ መጀመሪያ ያደነዝዛል፤ ሰውየው አላመመኝም ብሎ ሥራውን ይቀጥላል፣ ቆዳው ግን እየነጣ ይቃጠላል፤ መርዙም ወደ ደም ይገባል። የነካው ልብስ ወዲያው ይወልቃል፣ ቦታው በብዙ ወራጅ ውኃ ይታጠባል፤ ፖሊኢትሊን ግላይኮል 400 ካለ በእሱ ይጠረጋል። አንድ ጠርሙሱ ከመደርደሪያው አጠገብ ቢቀመጥ ብዙ ቦታ አይወስድም።

የፎርማሊን መጋዘንም የራሱ ጣጣ አለው። በክረምት ሌሊት ብርድ ሲገባው ከጀሪካኑ ሥር ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ዝቃጩ ፓራፎርማልዲሃይድ ነው፤ ይህ ማለት ከላይ የቀረው ፈሳሽ ጀሪካኑ ላይ ከተጻፈው ደክሟል። እሱን በልኩ ቀድቶ የቀመመ ሰው አስከሬኑ ለምን እንደተበላሸ ሳይገባው ይቀራል። ቀዝቃዛ ኮንቴይነር ውስጥ ከማከማቸት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ በሚጠብቅ ክፍል ማስቀመጥ፣ የአንድ ዓመት ፍጆታ ብቻ መግዛት፣ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ማውጣት ይበቃል። የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በሰኔ ተሯሩጦ የሦስት ዓመት ፎርማሊን መግዛት ገንዘቡን ወደ ነጭ ዝቃጭ መለወጥ ነው።

አሁን ወደ አስከሬኑ። ለአዋቂ ሰው እንደ ክብደቱ ከ10 እስከ 20 ሊትር ፈሳሽ በጭን ወይም በአንገት ደም ቅዳ በኩል ይሰጣል። ውድ ፓምፕ ግድ አይደለም፤ ባልዲውን ከገበታው 1.5 ሜትር ከፍ አድርጎ መስቀል ወደ 110 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጠጋ ግፊት ይሰጣል፤ ይህም ከሕያው ሰው የደም ግፊት ብዙ አይርቅም። ቶሎ ይለቅ ብሎ ግፊት መጨመር ሥሮቹን ያፈነዳል፣ ፊትና አንገት ያብጣል፣ ፈሳሹም መድረስ ያለበት ሳይደርስ ሕብረ ሕዋስ መሃል ይጠራቀማል። ሥራው ሰዓታት ይወስዳልና አመሻሽ ላይ ለተረኛ ጥሎ መሄድ የለም። የረጋ ደም መንገድ ከዘጋ አንዱ እግር ወይም ክንድ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ በእጅ ሲጫኑት ይታወቃል። መፍትሔው በዚያው ቀን በብብት ወይም በጉልበት ጀርባ ደም ቅዳ በኩል እንደገና መስጠት፣ ያም ካልሆነ በረጅም መርፌ ጡንቻው ውስጥ መርጨት ነው። አንጎል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ደግሞ በጭን ብቻ ተሰጥቶ ወደ ራስ ሳይደርስ ስለሚቀር ነው። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር መቆየት አለበት። «ተማሪ ገብቷልና ዛሬውኑ ይከፈት» የሚል ትእዛዝ ሁለት ነገር ያመጣል፦ ሥጋው ያልጠጣው ፎርማሊን ገበታው ላይ ይፈስሳል፣ ያልሞተ ጀርምም ቢላው ስር ይገኛል።

የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ይብራራ። ፎርማሊን የሚገድለው የደረሰበትን ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባሲል ፈሳሹ በደንብ ባልገባበት ሳንባ ውስጥ ሊተርፍ ይችላል፤ ኢትዮጵያም በዓለም ጤና ድርጅት የከፍተኛ ቲቢ ጫና ዝርዝር ውስጥ ያለች አገር ናት። ፕሪዮንን (አንጎል የሚያበላሽ ተላላፊ ፕሮቲን) ደግሞ ፎርማሊን ጭራሽ አያጠፋውም፤ ስለዚህ በአጭር ጊዜ ውስጥ አእምሮው ተዳክሞ የሞተ ሰው አስከሬን ለትምህርት አይገባም። ሌላው ከመቀበል በፊት ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ይመረመራል፤ የሞት ምክንያቱና የሳንባ ታሪኩ ይጠየቃል። ትልቁ አደጋ ያለው ገና ትኩስ አስከሬን ላይ ነው፤ ሲነሳና ሲገለበጥ ደረቱ ተጨምቆ ከአፉ አየር ይወጣል። በዚያ ሰዓት ኤን 95 ጭንብል፣ የፊት መሸፈኛ፣ ረጅም ጋውን፣ የላስቲክ ሽርጥና ድርብ ጓንት ያስፈልጋል፤ አስከሬኑን የሚያነሡትም አራት ሰዎች ይሁኑ። ወለሉና ገበታው በ0.5 በመቶ ክሎሪን ይጸዳል፦ አንድ እጅ ባለ 5 በመቶ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል። በረኪና ግን ፎርማሊን በፈሰሰበት ቦታ ላይ ፈጽሞ አይፈስስም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይሞቃሉ፣ ጎጂ ጋዝም ያወጣሉ። የጽዳት ሠራተኞች ይህን በጽሑፍ ሳይሆን በቃልና በእጅ ማሳያ ሊማሩት ይገባል። ከሁሉም በላይ የሚጋለጡት እነሱ ሆነው ሳለ ሥልጠና ሲዘጋጅ ስማቸው የማይጠራውም እነሱ ናቸው።

ጭንብልን ካነሣን ግዥ ክፍል አንድ ነገር ይወቅልን። የቀዶ ሕክምና ጭንብልም ኤን 95ም ጋዝ አያቆሙም፤ የሚያቆሙት ጠብታና ብናኝ ነው። ለፎርማልዲሃይድ የሚሆነው ካርትሪጁ ላይ ለዚሁ ጋዝ ተብሎ የተጻፈበት ግማሽ ፊት የሚሸፍን መተንፈሻ ነው፤ ለቀለም ቀቢ የሚሸጠው ተራ የከሰል ካርትሪጅ አይበቃም። እሱም ለሚቀምሙና ለሚወጉ ሠራተኞች እንጂ ለሠላሳ ተማሪ አይደለም፤ ተማሪ በመተንፈሻ የሚማርበት ክፍል አየሩ አልተጠገነም ማለት ነው። ጓንትም ናይትራይል ይሁን፤ ላቴክስ ፎርማሊንን ቶሎ ያሳልፋል። ርካሹን ላቴክስ ያሸነፈበት ጨረታ ቁጠባ አይደለም።

ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ጋዙ ከየት ይወጣል? ከተገለጠ ገላ፣ ከተከፈተ ሆድና ደረት፣ ከገበታው ስር ካለ ክፍት ባልዲ። ሦስቱም ዛሬውኑ፣ ያለ ጨረታ ይቀነሳሉ። የሚጠናው ክፍል ብቻ ይገለጥ፣ ሌላው በራሰ አቡጀዲ ላይ ፕላስቲክ ይደረብበት። ደረትና ሆድ መጀመሪያ ሲከፈቱ ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ተማሪው ከመቅረቡ በፊት ተመጥጦ ይውጣ፤ በዓመቱ የአየሩ ክፉ ቀን የዚያን ቀን ነው። ባልዲው ክዳን ይኑረው፣ የገበታው ቱቦ በክዳኑ ቀዳዳ ይግባ። ለማርጠቢያ ደግሞ ፎርማሊን መርጨት ይቅር፤ አንዴ ፎርማሊን የጠጣ ሥጋ ተጨማሪ አይፈልግም። ግሊሰሪን ያለው ውኃ ከ1 በመቶ ፌኖክሲኢታኖል ጋር በቂ ነው፣ ሽታም የለውም ማለት ይቻላል። ሻጋታ የሚመጣው በክረምት አቡጀዲው ሳይቀየር ሲሰነብት ነው፤ የሻገተው ቦታ ተቆርጦ በኢታኖል ይጠረጋል፣ ጨርቁ ይቀየራል።

የአየሩ ጉዳይ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ ነው የእናንተ ፊርማ የሚያስፈልገን። 12 በ8 ሜትር ስፋት፣ 3.5 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 336 ኪዩቢክ ሜትር ይይዛል። አየሩ በሰዓት 12 ጊዜ እንዲቀየር 4,032 ኪዩቢክ ሜትር በሰዓት የሚያወጣ መሳቢያ ይፈልጋል፤ መስኮት ላይ የሚገጠም የወጥ ቤት ቬንትሌተር ይህን አይደርስበትም። ከመጠኑ እኩል ቦታው ወሳኝ ነው። ጣሪያ ላይ የተገጠመ መሳቢያ ጋዙን ከገበታው አንሥቶ በተማሪው ፊት በኩል ያሳልፈዋል፤ የጣሪያ ማራገቢያ ደግሞ ለሁሉም ያዳርሳል። ፎርማልዲሃይድ ከአየር በክብደት ብዙም አይለይም፤ «ይሰምጣል» ወይም «ይወጣል» ብሎ መተማመን አይቻልም፤ የሚሄደው አየሩ ወደሚሄድበት ነው። ስለዚህ መሳቢያው በገበታው ጠርዝ ወይም ከገበታው ዝቅ ብሎ በግድግዳው ግርጌ ይሁን፣ ንጹሕ አየር ከተቃራኒው በኩል ከፍ ብሎ ይግባ። መግቢያ የሌለው መሳቢያ ይጮሃል እንጂ አይስብም፤ በር ሲከፈት ድምፁ ከተለወጠ ምልክቱ እሱ ነው። መውጫውም ወደ ቤተ መጻሕፍት መስኮት አይዙር።

ለመፈተሽ ዕጣን ይበቃል። አልኮል ያልተከፈተበት ቀን፣ ማጨሻውን ተማሪው አፍንጫ በሚያደርስበት ከፍታ ገበታው ላይ ማስቀመጥና ጭሱን ማየት ነው። ወደ ታችና ወደ ግድግዳው ከሄደ ደህና፤ ወደ ላይ ተነሥቶ ከተበተነ የተከፈለው ገንዘብ ነፋስ ወስዶታል። የርክክብ ፊርማ ከዚህ ሙከራ በኋላ እንዲሆን በውሉ ይግባ።

በጨረታ ሰነዱ ላይ የሚረሳ ሌላ መስመር አለ፦ ከፍታ። የብዙ ሞተሮች የፋብሪካ መጠን የተሰላው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ስስ አየር ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ጄኔሬተሩም የተጻፈበትን ኃይል አይሰጥም። «2,200 ሜትር ላይ የሚሠራ» የሚል ቃል ካልገባ መሳቢያው በሁለተኛው ዓመት ሲቃጠል ጥፋቱ የጥገና ክፍል ይባላል። መብራት ሲሄድስ? መሳቢያው ከጄኔሬተር ጋር ካልተገናኘ ደንቡ አንድ ነው፦ አስከሬን ይሸፈናል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ክፍሉ ይለቀቃል። በስልክ ባትሪ እያበሩ መቀጠል ክልክል ይሁን። መሳቢያው ከክፍለ ጊዜው 30 ደቂቃ በፊት ይነሣ፣ ካበቃ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይጥፋ።

ቀጥሎ ውኃ። ዓይን ውስጥ ፎርማሊን የገባ ሰው 15 ደቂቃ ሳያቋርጥ መታጠብ አለበት። ተለምዷዊው መስፈርት ለዓይን ማጠቢያ በደቂቃ 1.5 ሊትር ገደማ ሲሆን በድምሩ 23 ሊትር ይሆናል፤ ለአደጋ ሻወር ግን በደቂቃ 75 ሊትር ነው፣ በ15 ደቂቃ 1,100 ሊትር ያልፋል። አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ለአንድ ሰው አይበቃም ማለት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማችን የቧንቧ መስመር ብቻ የተቀጠለበት ሻወር ለጉብኝት የቆመ ብረት ነው። 2,000 ሊትር ሮቶ፣ ከሌላ መስመር ጋር ያልተጋራ፣ መጸዳጃ ቤቱ የማይጠጣው፣ ከገበታው በ10 ሰከንድ የሚደረስ ማጠቢያ እንጠይቃለን። በየሳምንቱ ሰኞ ለሦስት ደቂቃ ይከፈት፤ የቆመ ውኃ ዝገትና አሜባ ይዞ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ፈሳሹ ሲፈስም ሆነ ሲወገድ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ አይሂድ። ፎርማሊን በሴፕቲክ ታንኩ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ የሚያብላላ ባክቴሪያ ይገድላል፤ ከዚያ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፣ የሚተርፈው ወደ ቀሃ ወይም ወደ አንገረብ ወንዝ ይወርዳል። ምልክት በተጻፈበት ክዳናም ጀሪካን ይጠራቀም። ጥቂት ሲፈስ በአሸዋና በሶዲየም ባይሰልፋይት ይያዛል፤ ከሊትር በላይ ሲፈስ መጀመሪያ ሰው ይወጣል፣ ከዚያ መተንፈሻ የለበሱ ሁለት ሰዎች ይመለሳሉ።

የስለት ነገር አጭር ነው። ብሌድ በጣት አይነቀልም፤ በፎርሴፕስ ተይዞ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባል። ሴፍቲ ቦክሱም ሦስት አራተኛ ሲደርስ ይቀየራል። የተቆረጠ ሰው ቁስሉን ሳይጨምቅ በሳሙናና በውኃ ያጥባል፣ ያስመዘግባል። ገና ፎርማሊን ካልጠጣ አስከሬን ከሆነ ደግሞ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ቶሎ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በ0፣ በ1 እና በ6 ወር ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ሠራተኛም ተማሪም ከመግባቱ በፊት ይጀምር። አጥንት የሚቆረጠው ተማሪ ከወጣ በኋላ፣ አጥንቱን እያረጠቡ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደን ቀጣዩ ነው። በአገራችን የአናቶሚ ክፍሎች በአብዛኛው የሚያስተምሩት ጠያቂ ባጣ አስከሬን ነው። የዓለም አቀፉ የአናቶሚስቶች ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ምክር ሰው በሕይወት ሳለ ፈቅዶ በሰጠው ገላ ብቻ መማር እንደሚገባ ይላል። እዚያ እስክንደርስ ድረስ ቢያንስ እያንዳንዱ አስከሬን ከመዝገብ ጋር ይግባ፦ ከየት እንደመጣ፣ በማን ደብዳቤ፣ መቼ፣ ቤተሰብ የተፈለገበት ማስረጃ። ቁጥሩ በፎርማሊን በማይለቅ ሁለት የፕላስቲክ ወይም የብረት መለያ፣ አንዱ በእግር ጣት አንዱ በእጅ አንጓ ይታሰር፤ እስክሪብቶ የተጻፈበት ወረቀት በሳምንት ባዶ ነው። ለእያንዳንዱ ገበታ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ክዳናም ባልዲ ይኑር፣ ተቆርጦ የወጣ ቅራፊ ሁሉ እዚያ ይግባ። በዓመቱ መጨረሻ ሰው ሁሉ በሙሉ አካሉ፣ ለብቻው ሳጥን፣ እምነቱ ከታወቀ በፍትሐት ወይም በሶላት፣ ካልታወቀም በክብር አፈር ይልበስ። ባልዲ የተቀላቀለበት ክፍል ይህን ቃል ሊጠብቅ አይችልም። ስልክ ደግሞ በር ላይ ይቀመጥ፤ አንድ ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ቢወጣ ገላውን ለትምህርት ሊፈቅድ የሚችል ሰው ሁሉ ሐሳቡን ይለውጣል፣ እድሩም አይፈርድበትም።

የምንጠይቀው፦ በዚህ በጀት ዓመት ሮቶውና ማጠቢያው፣ የናይትራይል ጓንቱ፣ የመተንፈሻ ካርትሪጁና ክትባቱ፤ በሚቀጥለው መሳቢያው ከከፍታ መስፈርቱና ከዕጣን ሙከራው ጋር፤ ያለ ምንም በጀት ደግሞ ከነገ ጀምሮ የባልዲ ክዳኖቹ። መልሳችሁ በጽሑፍ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተማሪና የጽዳት ሠራተኛ በሚያነብበት እንዲለጠፍ እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
በጎንደር በአናቶሚ ትምህርት ላይ የምንሠራ መምህራንና ቴክኒሻኖች

ግልባጭ፦
ለተማሪዎች ኅብረት
ለጽዳት አገልግሎት
ለጥገና ክፍል